ያልደረቀ ኖራ

የጨዋታው ኮሚሽነር ሞተው የተገኙት በልምምድ ሜዳው ላይ ነው። በጀርባቸው ተንጋለው፣ ተንቀሳቃሹ የብረት ጎል በላያቸው ተደፍቶ፣ አግዳሚው ደረታቸውን ተጭኖ፣ መረቡ እንደ አጎበር ሸፍኗቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጎል ገባ አልገባም ሲሉ የኖሩ ሰው በመጨረሻ ራሳቸው ጎል ገብተው ቀሩ። ቀልዱ የሃምሳ አለቃው ነው። መርማሪዋ ስላልሳቀችለት ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር። ይህ ጎል ከኋላው የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነበት ትንሽ ነገር ይጥለዋል። ከረጢቶቹ ይኸውልዎ፣ ዳር ላይ ተከምረዋል። ሜዳ ጠባቂው ሳይጭናቸው ረስቷል፤ ኮሚሽነሩ ሊያዩት ሲጠጉ ወደቀባቸው። ሽማግሌውን መኪና ውስጥ አስገብቼዋለሁ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እናቀርበዋለን።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ይህች «ቆይ» የምትባል ቃል ስንቱን ሰው እንቅልፍ ነሥታለች። ፊት ለፊት «ኢንስፔክተር» የሚሏት ባልደረቦቿ ዞር ስትል «ወይዘሮ ቆይ» ነው የሚሏት። እሷም ታውቃለች፣ አይከፋትም።

«ቆይ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። ከመጀመሪያው አስረዳኝ።»

ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። በወንድሞች መካከል ብቸኛዋ ሴት ሆና ያደገች፣ በረኛ በጠፋ ቁጥር ከጥናቷ ተጎትታ ጎል ሥር የምትቆም፣ ስንቱን ኳስ በአፍንጫዋ የመለሰች ሴት ናት። ነገር ግን ለሚያውቅ ሰው ማንም አያስረዳም። ለማያውቅ ሁሉም አስተማሪ ነው፤ ሰው ደግሞ ሲያስተምር አፉን አይጠብቅም።

ሃምሳ አለቃው ስለ ኳስ ተናገር ከተባለ ምሳውን የሚረሳ ነውና ቀጠለ። የአካባቢው ሊግ ሦስት ዲቪዚዮን አለው። ከታች አንደኛ የወጣ ያድጋል፣ ከላይ መጨረሻ የሆነ ይወርዳል። የዚህ ሜዳ ባለቤት የሆነው ክለብ ዓመቱን ሙሉ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲታገል ከርሞ ዛሬ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ወደ አንደኛው ለመግባት አቻ ብቻ ይበቃዋል።

«ባለፈው ሳምንት በማለቂያዋ ደቂቃ ባገባናት ጎል ነው እዚህ የደረስነው» አለ፤ «ደረስነው» ማለቱንም አላስተዋለም። «ኦፍሳይድ ነበረች የሚሉ አሉ። ግን ባንዲራ አልተነሣም። ባንዲራ ካልተነሣ ጎል ነው፣ አለቀ።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ሬሳውን እያየች ነበር። የኮሚሽነሩ ጫማ ጥቁርና የተወለወለ ነው፣ ሶሉም ንጹሕ። የሁለቱም ተረከዝ ግን ከጀርባው በኩል ነጭ ነገር ተለቅልቋል። በጣቷ ነካችው። ኖራ ነው፤ ገና አልደረቀም።

«ቁስላቸው የት ነው?»

«ከኋላ፣ ማጅራታቸው ላይ።»

ቀና አድርገው አሳዩዋት። ቁስሉ ቀጭንና ጥልቅ ነው፤ አግዳሚው ደግሞ የሰው ክንድ የሚያህል ክብ ቱቦ። ከሥራቸው ያለው ሣር ትራስ ይመስል ለስላሳ ነው። ቀጥላ ወደ ጎሉ ኋላ ዞረች። ከረጢቶቹ መቀመጥ በነበረባቸው ቦታ ሣሩ ገርጥቶ፣ ረጥቦ፣ ጉንዳኖቹ ጣሪያቸው እንደተነቀለባቸው ሰዎች ይሯሯጣሉ። ከረጢቶቹ ከዚያ የተነሡት ዛሬ ጠዋት ነው ማለት ነው። ይህን ለሃምሳ አለቃው አልነገረችውም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ተረት ትዝ ብሏት ብቻ በሆዷ ሳቀች። እሱ ሣሩንም አላየም።

ሜዳ ጠባቂው በፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ተጫዋቾቹ «አባባ መስመር» ይሉታል። ባለቤቱ፣ የክለቡን መለያ የምታጥበው ሴትዮ፣ የመኪናውን በር ይዛ ቆማለች። መርማሪዋን ስታይ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሣሩን ሲረግጥ እንኳ ይቅርታ የሚል ነው። የሚታሰር ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ተይ እንጂ አንቺ» አለ ሽማግሌው በሐፍረት።

«አልተውም! ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ነበር፣ በመልካም ስሙ ሊወጣ። አሁን ነፍሰ ገዳይ ተብሎ? የክለቡ ፕሬዚዳንት ደግሞ ሬሳው ሳይነሣ መጥቶ የምንኖርበትን ክፍል ልቀቁ፣ እቃችሁን አዘጋጁ ብሎኛል።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መርማሪዋ ንዴቷን ውጣ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሠሩ?»

«መስመር አሰመርኩ። ገመድ ወጥሬ፣ የተበጠበጠውን ኖራ በጋሪዬ እየነዳሁ። ስጨርስ ኮሚሽነሩና የእህታቸው ልጅ ገቡ፣ የመስመር ዳኛው ማለቴ ነው። አሰልጣኙም ፕሬዚዳንቱም ተከታትለው መጡ። ሁሉንም ኖራው ሳይደርቅ እንዳትረግጡብኝ ብዬ ለመንኩና ቁርስ ልቀምስ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

«ከመስመሩ ሌላ ያጠቡት ወይም ያጸዱት ነገር አለ?»

«ኧረ እኔ ኖራውን ከመበጥበጥ በቀር ዛሬ ውኃም አልነካሁ። ከረጢቶቹን ግን ልጄ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ተነሥተው አያውቁም።»

መርማሪዋ ለሃምሳ አለቃው «መኪናው አይነቃነቅ» አለችው።

«አለቃ ደውለዋል። እስከ ጨዋታው ሰዓት ብቻ ነው ላቆየው የምችለው።»

«ይበቃል» አለች። ይበቃ እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ የሴትዮዋ ዓይን ጀርባዋን ሲከተላት ተሰማት።

ሽማግሌው ቤቱ ከገባ በኋላ ሬሳው እስኪገኝ ግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚያ የቆጠራቸው ሰዎችና ሬሳውን ያገኘው በረኛ ናቸው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ዱቄት ፋብሪካ ስላለው «ባለ ወፍጮው» ይባላል። ቢሮው ውስጥ ምንጣፉን እያየ ሲነጫነጭ ደረሰች፤ ምንጣፉ ላይ ነጭ የጫማ ዱካ ከበሩ እስከ ወንበሩ ተሰልፏል።

«ይሄ ኖራ ቤቴን አበላሸው! እሺ፣ ጨዋታው ይካሄዳል ወይስ ይተላለፋል?»

ሐዘን ሳይሆን ይህ ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቆይ ጌታዬ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። ቢተላለፍ ይጎዳችኋል?»

«ምን ይጎዳናል! በመጨረሻው ቀን የአንድ ዲቪዚዮን ጨዋታ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ አንዱ የሌላውን ውጤት ሰምቶ ነገር እንዳያበጅ። እኛ ብቻችንን ከተላለፍንማ የሁሉንም አውቀን፣ የሚበቃንን አውቀን...» ድንገት አፉን ዘጋ። «ማለቴ... የሰው ሞት የሚያስደስተው ማን አለ?»

«ማንም» አለች መርማሪዋ፣ ዱካውን በዓይኗ እየለካች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው።

አሰልጣኙ ድምፁ ከመንደር መንደር ስለሚሰማ «ነጎድጓድ» ነው ስሙ። እሱን ያገኘችው ሜዳው ዳር፣ የተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ነው። ጠያቂ ሳይጠብቅ ጀመረ።

«አዎ፣ ትናንት ተጣልተናል! አጥቂዬን በቅጣት አሳግደውብኝ፣ ነገ ፊትዎን ባላይ ደስታዬ ነው ብያቸዋለሁ። በሰው ፊት ነው ያልኩት። እንግዲህ ከፈለግሽ እሰሪኝ!»

ሲናገር ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሜዳውን የዳር መስመር ይረግጣል። የስፖርት ጫማው እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጭ ሆኗል።

«አባባ መስመር አትርገጡ አላለም እንዴ?»

«እኔ መስመሩን ካልረገጥኩ ጨዋታው አይታየኝም!»

«ባለፈው ሳምንት ኮሚሽነሩ ስለ ጎሏ ምን አሉ?»

ነጎድጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ቀነሰ። «ምንም። ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ደግሞ በኛ አይደለም፤ የዳኞቹን በር ነበር የሚያዩት።»

«ያን ቀን የመስመር ዳኛው በየት በኩል ነበር የሮጠው?»

«በዚሁ በኛ በኩል ነዋ፣ በተመልካቹ መቀመጫ ጥላ ሥር። የታደለ! ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች፤ እዚያ ማዶ ያለው ነው ዓይኑ የጠፋው።»

ሬሳውን ያገኘው በረኛ፣ የቡድኑ አምበል፣ «ግንቡ» ይባላል። ጎል ውስጥ ብቻውን ቆሞ በጫማው ጥርስ የጎሉን መስመር መሐል ይፍቃል። ሁለት እጁ ጓንት ውስጥ ነው።

«ለምንድን ነው የምትፍቀው?» አለችው።

«መሐሌን እንዳውቅ ነው፣ እህቴ። በረኛ ሁሉ ይፍቃል። አባባ መስመር ቢያየኝ ይገድ...»

«ጓንትህን አውልቀውማ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«በጨዋታ ቀን አላወልቅም። ልማዴ ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑን አሸሸ። ሃምሳ አለቃው ጆሮዋ ሥር «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ደብቋል» አላት። እሷም ደብቋል ብላ አሰበች፤ ነገር ግን የደበቀ ሁሉ ገዳይ ቢሆን እስር ቤቱ ከከተማው በሰፋ ነበር።

የዳኞቹ ክፍል በሜዳው አንድ ጥግ ነው፤ ከማዕዘኑ ባንዲራ ፊት ለፊት። በሩን ስትከፍተው የሳሙና ሽታ ተቀበላት። የሌሎቹ ክፍሎች ወለል አቧራ ለብሷል፤ የዚህ ግን በውኃ ጸድቶ ገና አልደረቀም። በግድግዳው ሥር ጠርዙ የሾለ የብረት አግዳሚ ወንበር አለ። የመስመር ዳኛው፣ የኮሚሽነሩ የእህት ልጅ፣ ጥቁር መለያውን ለብሶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ በሁለት መዳፉ መካከል ይዟል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ብድግ አለ፤ ግን አልጨበጣትም። ጠርሙሱን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ በትሕትና ጎንበስ አለላት። «አሜን፣ እናመሰግናለን።»

«አጎትህ ናቸው ያሳደጉህ ይባላል።»

«አባቴም እናቴም እሳቸው ነበሩ። ባንዲራ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመስመሩ ላይ ልክ እንደ ክር ሩጥ፣ ዓይንህ ከመስመሩ አይውጣ ይሉኝ ነበር።» እንባው ወረደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የዚህም እንባ እውነተኛ ነበር። መርማሪዋን ያስቸገራት ይኸው ነው።

«ቆይ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። ዳኛም ዲቪዚዮን አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ። ሰዉ የሚያየው ክለቦቹን ብቻ ነው። እኛም እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ከሦስተኛ ነው የጀመርኩት፣ በጭቃ ሜዳ፣ ድንጋይ እየተወረወረብኝ። ዘንድሮ ወደ አንደኛ ለማለፍ የቀረኝ የዛሬው ጨዋታ ነበር።»

«ማን ነው የሚያሳልፈው?»

«ኮሚሽነሩ» አለ፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «አጎቴ።»

«ይህን ወለል ማን አጠበው?»

«አባባ መስመር ይሆናሉ። እኔ እንጃ፣ ውኃ ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

«ያቺ ያለፈው ሳምንት ጎልስ?»

«አላየኋትም» አለ ፈጥኖ። «ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነበረች።»

ሌላ ጥያቄ የሚጠብቀው ሰው ጠርሙሱን ከመዳፍ መዳፍ አገላበጠ፤ ክዳኑ እስካሁን አልተከፈተም።

ከዚያ ብቻዋን ሆና ከዳኞቹ በር እስከ ልምምድ ሜዳው በዝግታ ተራመደች፤ አቋራጩ የዋናውን ሜዳ ማዕዘን ይቆርጣል። ሣሩ ላይ ከባድ ነገር የተጎተተበት የተጋደመ ዱካ አለ፤ ከበሩ ይነሣና በማዕዘኑ በኩል አልፎ እስከ ተንቀሳቃሹ ጎል ይደርሳል። ማንም ሊያበጥረው አልሞከረም። ዱካው መስመሩን ሊሻገር ሲል ግን ነገሩ ተቀየረ። መስመሩ ሙሉ ነው። አልተቋረጠም፣ አልተላቆጠም።

ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰች። ወዲህና ወዲያ ያለው ኖራ እንደ ሊጥ እርጥብ ነው። ዱካው በሚያልፍበት ላይ ያለው ግን ወፍራም ነው፤ ከላዩ ዱቄት ነው፣ ውኃ ያልነካው፣ ከከረጢት በእጅ ተዘግኖ የተነሰነሰ። ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ ያለ ገመድ፣ በዓይን ብቻ፣ ልክ ቀጥ ያለ። እዚያው ተቀምጣ ብዙ አሰበች። ስትነሣ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

ተመልካቹ ከግቢው ውጭ መሰብሰብ ጀምሯል። አለቃው እንደገና ደውሏል። ሃምሳ አለቃው የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ሲቁነጠነጥ መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ አስጠራች፤ ሽማግሌውንም ከመኪናው፣ ባለቤቱንም ከደጅ።

«እኔ ኳስ አላውቅም» አለች፤ «ግን ከጨዋታ በፊት ተሰልፎ መጨባበጥ አለ ሲሉ እሰማለሁ። ተሰለፉልኝ።»

ነጎድጓድ «ቀልድ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ቢሆንም ተሰለፈ።

«ሳንጨባበጥ በፊት አንድ ነገር ላውጋችሁ። ኮሚሽነሩ ጎል ወድቆባቸው አልሞቱም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ኖራ የሚነካው በሶሉ ነው። የእሳቸው ሶል ንጹሕ ነው፤ ኖራው ያለው በተረከዛቸው ጀርባ ነው። በብብታቸው ተይዘው፣ ተረከዛቸው መሬት እየጠረገ ተጎትተዋል ማለት ነው። ከየት? ወለሉ ዛሬ ጠዋት ከታጠበው ብቸኛ ክፍል። ማጅራታቸውን የሰነጠቀውም ክቡ ቱቦ አይደለም፣ የዚያ ክፍል ወንበር ጠርዝ ነው። ከረጢቶቹንም ያነሣው የጎተታቸው ሰው ነው፤ ሥራቸው የነበሩት ጉንዳኖች ገና አልተረጋጉም።»

የሽማግሌው ባለቤት አፏን በእጇ ያዘች።

«የሚገርመው ግን ይህ ነው» አለች መርማሪዋ መስመሩን እያሳየች። «ሬሳው እርጥቡን ኖራ አልፎ ሲጎተት መስመሩ ተቆርጧል። አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ ጠገነው። ሊደብቅ ነው? ሊደብቅ ቢሆን ሣሩንም ባበጠረ ነበር፤ ዱካው እንዳለ ነው። ጫማቸውንም በጠረገ ነበር። መስመሩን የጠገነው አስቦ አይደለም። የተቆረጠ መስመር አይቶ ማለፍ ስላልቻለ ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

ሁሉም መስመሩን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«እና የማን አመል ነው? አባባ መስመር ቢሆን ገመድ ወጥሮ በጋሪው ያሰምር ነበር እንጂ ደረቅ ኖራ በእጁ አይበትንም። ባለ ወፍጮው መስመሩ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ረግጦት ቢሮው ድረስ ወስዶታል። አሰልጣኙ ሲረግጠው ይውላል። በረኛው ይፍቀዋል። ከእናንተ መካከል ዓይኑን ከመስመር እንዳያነሣ ያደገ፣ በዓይኑ ብቻ ያለ ገመድ ቀጥ አድርጎ መጠገን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።» መዳፏን ገልጣ አሳየቻቸው። «ደረቅ ኖራ በእርጥብ እጅ ከተዘገነ ደግሞ መዳፍ ይልጣል። ወለል ሲያጥብ የነበረ ሰው እጁ እርጥብ ነው። በሉ አሁን እንጨባበጥ።»

ባለ ወፍጮውን ጨበጠች፤ እጁ ለስላሳና ላብ ያለበት ነው። ነጎድጓድን ጨበጠች። ግንቡ ጋ ስትደርስ ልጁ በረዥሙ ተንፍሶ ጓንቱን አወለቀ፤ ትንሿ ጣቱ እንደ ካሮት አብጣለች።

«ተሰብራ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አሰልጣኙ ካወቀ አያሰልፈኝም።»

«አንተ!» ብሎ ነጎድጓድ ሊያጓራ አፉን ከፈተ፤ ዙሪያውን አየና ዘጋው።

የመስመር ዳኛው መጨረሻ ላይ ቆሟል። መርማሪዋ እጇን ዘረጋችለት። ጠርሙሱን አቅፎ ጎንበስ ሊል ጀመረ፤ እሷ ግን እጇን አላጠፈችም። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጠርሙሱ ከእጁ አምልጦ ሣሩ ላይ ወደቀ። መዳፎቹ ተልጠው ቀይ ሆነዋል፤ በጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት አለ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«አውቃለሁ። ጎሏን አይተሃት ነበር አይደል? በጥላ ውስጥ ነበር የሮጥከው።»

«አየኋት። ኦፍሳይድ ነበረች። ሰዉ ሁሉ ሲጮህ፣ ከላይ የመጡ ገምጋሚዎች ሲያዩኝ ክንዴ አልነሣ አለኝ። ከዚያ አላየሁም አልኩ። አጎቴ ግን ዓይኔን ያውቁታል።» ተነፈሰ። «ዛሬ ጠዋት ባንዲራውን ከእጄ ወሰዱት። መሳሳት የሰው ነው፣ አይቶ ዝም ያለ ግን ዳኛ አይሆንም፣ ወደ ሦስተኛ ትመለሳለህ አሉኝ። ያን ጭቃ... ባንዲራውን ስስብ ገፋኋቸው። ወንበሩ መታቸው።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

መርማሪዋ ጠበቀች፤ «ቆይ» አላለችም።

«ሲተነፍሱ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቆሜ አየኋቸው። ሰው ልጥራ አልኩ... አልጠራሁም።»

ነጎድጓድ ፊቱን አዞረ። ሃምሳ አለቃው ባለፈው ሳምንት በዚያች ጎል እንዴት እንደጨፈረ ትዝ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ አንገቱን ደፋ።

«ይህ ሽማግሌ መኪና ውስጥ ሲገባስ?» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን ተቆጥታ ነበር፤ ከምርም ተቆጥታ ነበር። «እሱንም ቆመህ አየኸው።»

ልጁ የተላጡ መዳፎቹን እያየ ተንበረከከ። ሃምሳ አለቃው ሲያነሣው አልተከላከለም። ሲወስዱት የተጠገነው መስመር ላይ ሲደርስ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረው።

ባለ ወፍጮው የሜዳ ጠባቂውን ባለቤት ጠጋ ብሎ ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ሊያጉረመርም ሞከረ። «እቃዬን እያዘጋጀሁ ነው፣ አሁን አታዘግየኝ» አለችው፤ እሱም እንደ ተማሪ ቆሞ ቀረ። ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ተመልካቹ እያጉረመረመ ተበተነ።

ሽማግሌው ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ጋሪውንና ገመዱን ይዞ ወደ ማዕዘኑ መጣና ወፍራሙን ኖራ ቁልቁል አየው።

«ጨዋታ እኮ የለም አባባ» አለች መርማሪዋ።

«ሜዳው ግን አለ። እስቲ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፣ ልጄ።»

የገመዱን ጫፍ ይዛ እንደ ድሮው በጎሉ መስመር ላይ ቆመች፤ እግሯ ሳታዝዘው መሐሉን ፈለገ። ሽማግሌው አያትና ፈገግ አለ። «አላውቅም ትያለሽ አሉ።»

«ምን?»

«ኳስ።»

ሳቀች። እሱም ገመዱን ወጥሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የተጠገነውን ቦታ በገመዱ ለካው። ለካና ቀና አላለም። ጎንበስ እንዳለ ዳግመኛ ለካው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየችው ያኔ ነው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለ። «አንድ ጣት እንኳ አልሳተም። ዓይን ነበረው ልጁ።»

ከዚያ ደረቁን ኖራ በመጥረጊያው ሰብስቦ፣ ጋሪውን አዙሮ፣ መስመሩን እንደ አዲስ ማሰመር ጀመረ።